የተሰረቀው ጀልባ ላይ፣ የተገኘው ባንኮኒ ላይ

ፍሎሪዳ ውስጥ የተመዘገቡ ጀልባዎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህን ያህል ጀልባ ያለው ሌላ የአሜሪካ ግዛት የለም። ብዙዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ጓሮ በሚያልፍ የውኃ ቦይ ዳር ወይም በማሪና ታስረው ይሰነብታሉ። ሌባ ሰኞ ሌሊት መጥቶ የጂፒኤሱን ስክሪን ገመዱን ቆርጦ ቢወስደው ባለቤቱ የሚያውቀው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹን አሳፍሮ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ነው። እስከዚያ ዝናቡና ጨዋማው ነፋስ የጣት አሻራውን አጥበውታል። የዓይን ምስክርም የለም።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ መርማሪ ጀልባውን አገላብጦ ቢያይ ብዙ አያተርፍም። ልምድ ያለው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው የጠፋውን ዕቃ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካለ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ፓውን ሾፖች መዝገብ ይሄዳል።

ፓውን ሾፕ ዕቃ በመያዣነት እየተቀበለ የሚያበድር ሱቅ ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ከነወለዱ ሲከፍል ዕቃውን ይወስዳል፤ ካልከፈለ ዕቃው የሱቁ ይሆናል። የፈለገ ደግሞ እዚያው ሸጦ ይሄዳል። የፍሎሪዳ ሕግ ባለሱቁ በየ30 ቀኑ የብድሩን እስከ 25 በመቶ እንዲያስከፍል ይፈቅድለታል። ይህ ለቸገረው ሰው እጅግ ከባድ ነው፤ ንግዱን ላመሰግነው አልተነሳሁም። ይኸው የ1996 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ግን በባለሱቁ ላይ የጫነው ግዴታም ቀላል አይደለም። ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው መታወቂያ ያሳያል፤ ስሙ፣ አድራሻው፣ የትውልድ ቀኑና መልኩ ይጻፋል፤ የቀኝ አውራ ጣቱን አሻራ ያኖራል። የዕቃው ስሪት፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ይመዘገባል። ሰውዬው ንብረቱ የራሱ መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። ቅጹ በየሥራው ቀን መጨረሻ ለፖሊስ ይደርሳል፤ ሱቁ የገዛው ዕቃም 30 ቀን ሳይሞላው አይሸጥም።

እንግዲህ ሌባው በጨለማ የደበቀውን ስሙንና አሻራውን በጠራራ ፀሐይ በገዛ እጁ አስመዘገበ ማለት ነው። ይህን እያወቀ ለምን ይሄዳል? ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ስለሆነ ነው። በሺህ ዶላር የተገዛው ስክሪን ባንኮኒው ላይ የሚያወጣው ጥቂት ቢሆንም ጥሬ ገንዘቡ እጁ ላይ ይገባል።

ድሮ መርማሪዎች እነዚህን ቅጾች በካርቶን ተራ በተራ ያገላብጡ ነበር። በ2000 ከተመሠረተው፣ ሊድስኦንላይን ከተባለው የፓውን ሾፖች የኢንተርኔት መዝገብ እና ከመሰሎቹ ወዲህ ግን በአንድ አውራጃ የጠፋ ዕቃ በሌላው ቢያዝ ቁጥሩን መፈለግ የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ይበልጥ የሚደንቀኝ ሥራው ወደ ኋላም መሄዱ ነው። በስሙ ጀልባ የሌለው ሰው በአንድ ወር ሦስት የተለያየ ስሪት ያላቸው የጀልባ ስክሪኖችና የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ቢያስይዝ መርማሪው ተጠርጣሪውን ያገኘው ገና ባለንብረቶቹ ሳያመለክቱ ነው። የሚቀረው የተሰረቁትን ሰዎች መፈለግ ይሆናል።

ሌባውን በዕቃው ተቀባይ በኩል የመያዝ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1798 ፓትሪክ ኮልሁን እና ጆን ሃሪየት ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዋፒንግ ላይ የወንዝ ፖሊስ አቋቋሙ። ገንዘቡን የሰጡት ስኳራቸውና ሩም የተባለው መጠጣቸው ከመርከብ ላይ እየተዘረፈ የተማረሩ የዌስት ኢንዲስ ነጋዴዎች ናቸው። ኮልሁን በወንዙ ላይ ከሚሠሩት 33,000 ያህል ሰዎች 11,000ው እጃቸው ንጹሕ አይደለም ብሎ ገምቶ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የወቀሰው ግን እኛ የሌባ ተቀባይ የምንለውን ሰው ነው፤ የሚገዛ ባይኖር የሚሰርቅም አይኖርም ብሎ ያምን ነበር። የፍሎሪዳ የቅጣት መጠን ዛሬም በዚሁ እምነት የተሠራ ይመስላል፤ ሰው የሌለበትን ጀልባ ሰብሮ መግባት እስከ 5 ዓመት እስራት ሲያስቀጣ፣ የተሰረቀ ንብረት መሸጥ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በቅርቡ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው አጥጋቢ ማብራሪያ ካልሰጠ ደግሞ መሰረቁን ያውቅ ነበር ብሎ ለመገመት ሕጉ ይፈቅዳል። «ከማላውቀው ሰው ገዛሁት» ማለት ብቻ አያድንም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቁጥሩ ሲኖር ነው፤ የሚያንገበግበኝም እዚህ ላይ ነው። የጀልባው አካል በደንብ ተጠብቋል። ከኅዳር 1972 ጀምሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ ሠራሽ ጀልባ ከኋላ በቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ይታተምበታል፤ ከ1984 ወዲህ ሁለተኛ፣ የተሰወረ ቦታ ላይ ያለ መለያም ተጨምሯል። የስክሪኑ ቁጥር ግን ያለው ጀርባው ላይ፣ ማንም በማያየው ተለጣፊ ላይ ነው። ዕቃው ሲሄድ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። የሞባይላችንን መለያ ቁጥር የያዘውን ካርቶን ቀድደን እንደምንጥለው ሁሉ የጀልባ ባለቤትም የስክሪኑን ካርቶን በገዛበት ሳምንት ይጥለዋል። ከዚያ ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል «አንድ ጥቁር ጂፒኤስ» ከማለት አያልፍም። በፓውን ሾፑ ቅጽ ላይ ሙሉው ቁጥር አለ፤ በባለቤቱ ማመልከቻ ላይ የለም። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጠው ሳይገናኙ 30ው ቀን ያልፋል፤ ዕቃውም በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል።

ዕቃው ቢገኝም ወዲያው እጅ አይገባም። ፖሊስ ሱቁ ዕቃውን እስከ 90 ቀን አግቶ እንዲያቆይ ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ ራሱ ለማስመለስ ከፖሊስ ሪፖርት ቅጂ ጋር በአደራ ደብዳቤ ወይም በአካል ቀርቦ ለሱቁ ማስታወቅ አለበት፤ በ10 ቀን ካልተስማሙ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባለሱቁ በቅን ልቦና ገንዘብ አውጥቶ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደር ሰው የራሱን መሣሪያ በመስታወት ውስጥ እያየ ደብዳቤ ሲጽፍ መክረሙ ፍትሕ አይመስለኝም። ጉዳቱን ከሌባው የማስከፈል ሸክም መውደቅ ያለበት ዕቃውን ሊያተርፍበት በተቀበለው ላይ ነው።

የከፋው ክፍተት ደግሞ ባንኮኒ የሌለው ገበያ ነው። በስልኩ ማስታወቂያ ለጥፎ ነዳጅ ማደያ ላይ ገዢ የሚያገኝ ሌባ አሻራ አይጠየቅም። በሰኔ 2023 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ የኢንተርኔት ገበያዎች የትልልቅ ሻጮችን ማንነት እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ የሚመለከተው ግን በዓመት ቢያንስ 200 አዲስ ወይም ያልተነካ ዕቃ ሸጦ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስገባን ሻጭ ነው። ከጀልባ ላይ የተነቀለ አንድ ያገለገለ ስክሪን ከዚህ ውጭ ነው። ፓውን ሾፑን በ1996 እንዲህ ያሠረ ሕግ አውጪ ይህን በር ክፍት መተው አልነበረበትም።

ሕጉ እስኪሻሻል ጀልባ ሻጮች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ፤ የሞተሩንና የእያንዳንዱን መሣሪያ ቁጥር ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር ጽፈው ቢሰጡ አሥር ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ጀልባ ያለው አንባቢም የፊታችን ቅዳሜ ከመውጣቱ በፊት ስክሪኑን ከማቀፊያው ነቅሎ ጀርባውን፣ ከዚያም የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ከጀልባው ውጭ ያስቀምጥ። ቁጥር የሌለው የማጥመጃ ዘንግ ላይ ደግሞ የራሱን ምልክት ይቅረጽበት።