ከብት የምትከተለው ቢጫ ወፍ፤ ኑሮዋና መንገዷ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረግረጉ ሜዳ ከሚግጡት ከብቶች እግር ሥር ቀጭን ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች እየወዘወዘች የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ትታያለች። ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ መሳይ ነው። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 17 ሣንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ክብደቷም በመደበኛው ጊዜ 20 ግራም ገደማ ቢደርስ ነው። በሳይንስ ስሟ ሞታሲላ ፍላቫ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔ በ1758 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ነው። በየአገሩ ያለው ስሟ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ቢጫዋ ወፍ እንላታለን።

አንድ ኅዳር ጣና ዳር ባለ መንደር ጤፍ የሚጠብቅ ልጅ ይህችን ወፍ በወንጭፍ መትቶ ጥሎ አገኘሁት። አባቱም እኽል የምትፈጅ ናት ብለው ልጁን አመሰገኑት። እኔም ሆድ ዕቃዋን በሰንጢ ከፍቼ በመዳፌ ላይ ዘረገፍሁት። የዝንብ ክንፍ፣ የጢንዚዛ እግርና አንድ የደቀቀ ፌንጣ ነበረበት፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ ግን አልተገኘችም። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ከማሳዬ ጫፍ ምን ትፈልጋለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

የወፍን ምግብ ከምንቃሯ ማወቅ ይቻላል። እንደ ግሪሳ ያለው እኽል በሊታ ወፍ ፍሬ የሚፈለፍልበት አጭርና ወፍራም ምንቃር አለው። የቢጫዋ ወፍ ምንቃር ግን እንደ መርፌ ቀጭን ስለ ሆነ ተባይ ለመልቀም እንጂ ፍሬ ለመፈልፈል አይመችም። ከብቱን የምትከተለውም ኮቴው ከሣሩ ውስጥ የሚያስነሣውን ዝንብና ፌንጣ ለመያዝ ነው። ማሳው ጫፍ የምትመጣውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ተምች ሲወርድ ይህች ወፍ ታድናችኋለች ብዬ አላታልላችሁም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ዘዴ ነው። የዕለት ሥራዋ ግን ለእናንተ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

እዚህ አገር ጎጆ ስትሠራ ያየ ሰው የለም፤ ምክንያቱም የምትወልደው በሩቅ አገር ነው። ከጥር ጀምሮ የላባዋን ከፊል ትለውጣለች፤ በዚህ ጊዜ የደበዘዘው ወንዱ ወፍ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ የወንዶቹ ራስ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ጥቁር፣ የአንዱ ግራጫ፣ የሌላው ሰማያዊ መሳይ ነው። እነዚህ የአንዲቱ ወፍ ነገዶች ሲሆኑ እያንዳንዱ የተወለደበት አገር የተለየ ነው። የሚነሡበትም ጊዜ ይለያያል፤ ወደ ደቡብ አውሮፓና ወደ ምዕራብ እስያ የሚሄደው ባለ ጥቁር ራሱ ቀድሞ ይነሣል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባለ ግራጫ ራስ ግን በረዶው የሚቀልጠው ዘግይቶ ስለ ሆነ እስከ ሚያዝያ ሊቆይ ይችላል። ከመነሣቷ በፊት አብዝታ በልታ በቆዳዋ ሥር ስብ ታጠራቅማለች። በረሓውን የምታቋርጠው በዚህ ስንቅ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ረግረጉ ከደረቀና ተባዩ ከጠፋ፣ ጉዳቱ የሚታየው በሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ከደረሰች በኋላ በእርጥብ የሣር ሜዳ መሬት ላይ፣ በሣር ተሸፍና ጎጆዋን ትሠራለች። ውስጡን በፀጉር፣ አንዳንዴም በከብት ፀጉር ታለብሰዋለች። ከ4 እስከ 6 ዕንቁላል ጥላ 13 ቀን ያህል ትታቀፋለች፤ ወንዱም ያግዛታል፤ ጫጩቶቹን ሁለቱም ይመግባሉ። ጫጩቶቹ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ገና በቅጡ ሳይበሩ ጎጆውን ይለቃሉ። በደቡቡ አገር ሁለተኛ ጊዜ መውለድ ይቻላታል፤ በሰሜኑ ግን በጋው አጭር ስለ ሆነ አንዴ ብቻ ነው። በአውሮፓ እርጥብ ሜዳዎች ስለ ደረቁና ሣሩ ቶሎ ስለሚታጨድ ቍጥሯ እጅግ ቀንሷል፤ በብሪታንያ ከ2009 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ እጅግ በሚያሳስቡ ወፎች ቀይ መዝገብ ተጽፋለች።

በእኛ ዘንድ ያለው ዋነኛ አደጋ ማደሪያዋ ነው። ቀን በየሜዳው ተበታትና ውላ ማታ በብዙ መቶ ሆና በፊላና በሸምበቆ ውስጥ ትሰፍራለች። ግሪሳም አንዳንድ ጊዜ የሚያድረው በዚያው ነው። ግሪሳን ለማጥፋት በማደሪያው ላይ መርዝ ሲረጭ ቢጫዋም አብራ ታልቃለች። እንግዲህ የልማት ሠራተኛ ጓደኞቼ፣ የግሪሳ ማደሪያ ስትጠቍሙ ቀደም ብላችሁ በምሽት ሄዳችሁ ምን ምን ወፍ እንደሚገባበት ተመልከቱ። ቢጫዋ ከብዛት ጋር ካለች ለሚረጩት ሰዎች ንገሩ፤ ግሪሳው ብቻ የሚያድርበት ሌላ ቦታ ካለ እርሱ ይቅደም።

ገበሬዎች ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ረግረጉን ለመስኖ ስታጠነፍፉ ወይም ስታርሱ፣ በውኃው ዳር ያለውን ፊላና ቄጠማ ሁሉ አትንቀሉት፤ በፀረ ተባይ የታጠበ መርጫም ከምንጩ አጠገብ አይደፋ። ተባይ ስትረጩ መርዙ የነካው ፌንጣ ገና ሳይሞት ይነሣል፤ ወፏ ቀድማ የምትይዘውም ይህን የደነዘዘውን ነው። ወፍ የሚጠብቁ ልጆቻችሁንም ምንቃሩን አይተው እንዲለዩ አስተምሯቸው፤ ወንጭፋቸውን ለግሪሳው ያቆዩት።