እኔነትን ለአምላክ ማስረከብ፤ የባክቲ መንገድ በሕንድ አገር

የሂንዱ ሊቃውንት ስለ ሰው ልጅ እስራት ሲመረምሩ ከሥጋ ፈቃድና ከንዋይ ፍቅር ይልቅ አብዝተው የሚፈሩት «አሃምካራ» የሚሉትን፣ የሥራው ሁሉ ባለቤት፣ የፍሬውም ባለመብት እኔ ነኝ የሚለውን የልቡና ዝንባሌ ነው። ይህ ዝንባሌ በዕቡዩ ሰው ብቻ ሳይሆን በሚመጸውተው፣ በሚጾመውና ሌሊቱን ቆሞ በሚያድረውም ልብ ውስጥ የሚያደባ ስለ ሆነ፣ ሰው በገዛ ኃይሉ ሊነቅለው ቢነሣ ትግሉ ራሱ መመኪያ ሆኖ እኔነቱን መልሶ ያደልበዋል። ከዚህ አዙሪት መውጫ ተብለው በዚያ አገር ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ የዕውቀት፣ ሁለተኛው የምግባር ነው፤ ሦስተኛው ግን ባክቲ የሚባለው፣ በፍቅረ አምላክ ራስን የማስረከብ መንገድ ሲሆን፣ ፊደል ላልቆጠረውና ገዳም ለመግባት ላልቻለው ሕዝብ በሩን የከፈተው እርሱ በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል።

የትምህርቱ ጥንታዊ ምንጭ ዘወትር የሚፈለገው 18 ምዕራፎችና 700 ያህል አናቅጽ ባሉት በባጋቫድ ጊታ ነው። አርጁና የተባለው ጦረኛ ዘመዶቹንና መምህራኑን በጠላት ሰልፍ ውስጥ አይቶ ቀስቱን ይጥላል፤ ትምህርት መቀበል የሚጀምረውም የሚያደርገው ጠፍቶት በሠረገላ ነጂው፣ በሰው አምሳል በተገለጠው አምላክ በክሪሽና ፊት እንደ ደቀ መዝሙር ራሱን ዝቅ ካደረገ በኋላ ነው። ክሪሽና ስለ ነፍስ ሕያውነት፣ ዋጋ ሳይሹ ስለ መሥራትና ስለ ተመስጦ በሰፊው ካስተማረው በኋላ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሌላውን ሁሉ ትቶ እርሱን ብቻ መጠጊያው እንዲያደርግ ያዘዋል። ያን ጊዜ አርጁና ቀስቱን መልሶ ያነሣል። ራሱን ያስረከበው ሰው ከሥራው እንዳልተለየ፣ የተለየው ከባለቤትነቱ ብቻ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ስለ ሆነ ይህ ፍጻሜ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ6ኛው እስከ 9ኛው ምእት ዓመት ድረስ በደቡብ ሕንድ በታሚሎች ምድር የተነሡት 12ቱ አልቫሮች፣ ቪሽኑ የተባለው አምላክ ባለቅኔዎች፣ ይህን ምሥጢር በሕዝቡ ቋንቋ ዘመሩት። ከነርሱ መካከል አንዳል የተባለች ሴትና ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ከተከለከለ ወገን የተወለደው ቲሩፓንም ይገኛሉ። ትውፊቱ እንደሚናገረው ቲሩፓን በካቬሪ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ወደ ሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ እየተመለከተ በመዝሙሩ ተመስጦ ሳለ፣ ለአምልኮ ውኃ ሊቀዳ የወረደ አንድ ካህን ከመንገዱ ገለል ባለማለቱ ተቈጥቶ በድንጋይ መትቶ አደማው። አምላኩ ግን ያቈሰልኸውን ሰው በትከሻህ ተሸክመህ አምጣልኝ ብሎ ስላዘዘው፣ ጥላው እንኳ እንዳያርፍበት ይጸየፈው የነበረውን ሰው በጫንቃው አድርጎ እስከ ውስጠኛው መቅደስ አገባው። የካህኑ እኔነት የተሰበረው በተግሣጽ ሳይሆን በሸክም ስለ ሆነ፣ ከትውፊቶቹ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

በዚያው በሽሪራንጋም በ11ኛውና በ12ኛው ምእት ዓመት የኖረው ታላቁ ሊቅ ራማኑጃ ለዚህ ፍቅር የፍልስፍና መሠረት ጣለለት። ተከታዮቹ «ፕራፓቲ» የሚሉት ፍጹም ተማጽኖ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አምላክ የሚወደውን ለማድረግ መቊረጥ፣ የሚጠላውን መተው፣ እንደሚጠብቅ ማመን፣ ጠባቂነቱን ለምኖ መምረጥ፣ የራስን ድካም መታመንና ራስን አሳልፎ መስጠት። ይሁን እንጂ ከራማኑጃ በኋላ አንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ሰው ራሱን ሲያስረክብ ማስረከቡ የራሱ ሥራ ነው ወይስ የአምላክ ጸጋ? የሰሜኑ ወገን፣ መምህሩ ቬዳንታ ዴሲካ የሆነው፣ የጦጣ ግልገል እናቱን አጥብቆ እንደሚይዝ ሰውም ጥቂት ድርሻ አለው አለ፤ ፒላይ ሎካቻርያን የሚከተለው የደቡቡ ወገን ግን የድመት ግልገል ምንም ሳያደርግ እናቱ በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስደው ሁሉ ድኅነት ፍጹም ጸጋ ነው ብሎ መለሰ። ክርክሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ነገሩን ገና አላየውም። ራሴን አስረከብሁ የሚል ሰው በማስረከቡ ሊመካ ይችላልና፣ የደቡቡ ወገን የእኔነትን የመጨረሻ መደበቂያ በማግኘቱ ረገድ ይበልጥ የጠለቀ ይመስለኛል፤ ለዕለት ኑሮ ግን የሰሜኑ ትምህርት ሰውን ከስንፍና ይጠብቀዋል።

ወደ ምዕራብ ስንሻገር በማሃራሽትራ የፓንዳርፑር ከተማ አለች። ዋርካሪ የሚባሉት ምእመናን የባለቅኔዎቹን የጅናኔሽዋርንና የቱካራምን የብር ጫማዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከአላንዲና ከዴሁ ተነሥተው፣ ሦስት ሳምንት ያህል እየዘመሩ ወደዚህች ከተማ ቤተ መቅደስ በእግራቸው ይጓዛሉ፤ በመንገድም ሽማግሌው ለወጣቱ፣ ባለጠጋው ለገበሬው እግር እየሰገደ እርስ በርሳቸው «ማውሊ»፣ ማለትም እናቴ፣ እየተባባሉ ይጠራራሉ። በቤተ መቅደሱ በር ያለው የመጀመሪያው ደረጃ በናምዴቭ ስም ይጠራል፤ ይህ ባለቅኔ የምእመናን እግር ትቢያ እንዲያርፍበት ከዚያ መቀበርን መርጧል ይባላልና፣ ተሳላሚው ሳይረግጠው ያልፋል።

በምሥራቅ፣ በፑሪ ከተማ፣ የአምላኩ የጃጋናት ምስል በታላላቅ የእንጨት ሠረገሎች ተጭኖ በሚወጣበት በዓል ቀን በማዕረግ ብቻ የቀረው የፑሪ ንጉሥ እጀታው ወርቅ የሆነ መጥረጊያ ይዞ የሠረገሎቹን ወለል በሕዝብ ፊት ይጠርጋል። ከ1486 እስከ 1534 የኖረው ቻይታንያም የኋለኛ ዕድሜውን ያሳለፈው በዚህች ከተማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ በቤንጋል የታወቀ የክርክር ሊቅ የነበረው ይህ ሰው ሊቅነቱን ትቶ በአደባባይ የአምላክን ስም እየጠራ የሚያሸበሽብ ሆነ። በሰሜን ሸማኔው ካቢር፣ ጫማ ሰፊው ራቪዳስና ልዕልት ሚራባይ በየፊናቸው ይህንኑ ዘምረዋል።

በቅርቡ ዘመን የካልካታው ራማክሪሽና (1836–1886) እኔነት አልወጣ ካለ የአምላክ አገልጋይ ሆኖ ይኑር ብሎ በማስተማር ለደካሞች ራራላቸው። በአሩናቻላ ተራራ ሥር የኖረው ራማና ማሃርሺ (1879–1950) ደግሞ ሰው ወይ ማን ነኝ ብሎ ራሱን ይመርምር፣ ወይ ራሱን ያስረክብ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ያደርሳሉ ይል ነበር።

መንገዱ ግን ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። የሕንድ ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂ የነበረው አምቤድካር በ1949 ባደረገው ንግግር፣ ባክቲ በሃይማኖት የነፍስ መዳኛ ሊሆን ቢችልም በፖለቲካ ግን ወደ ውርደትና ወደ አምባገነንነት እንደሚያደርስ አስጠንቅቋል፤ ለአምላክ የሚገባውን ተማጽኖ ለመሪና ለመምህር የሰጡ ሰዎችን መከራ ላየ ሰው ቃሉ እውነት ነው። ሁለተኛው ነቀፌታ፣ በመንገድ የሚታየው ትሕትና የመቅደሱን ደጅ ማለፍ አልቻለም የሚለው፣ ከዚያው ከፓንዳርፑር ይመጣል። እንደ ቲሩፓን ወገን ከመቅደስ ከተከለከለው ከማሃር ወገን የተወለደው የ14ኛው ምእት ዓመት ባለቅኔ ቾካሜላ ዕድሜውን ሙሉ የዘመረለትን አምላክ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳያይ ተከልክሎ ኖረ፤ መቃብሩም ከቤተ መቅደሱ በር ፊት ለፊት ይገኛል። ያ በር ለወገኖቹ የተከፈተው ሳኔ ጉሩጂ የተባለው መምህር እንዲከፈትላቸው ከጾመ በኋላ በ1947 ነው።