ባዘቶውስ?

ቅዳሜን ላሊበላ የማሳልፍበት ጉዞ ሲገጥመኝ መርሐ ግብሩን የማወጣው በገበያው ዙሪያ ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዓርብም እሑድም አሉ፤ ገበያው ግን የሚቆመው በሳምንት አንዴ ነው። ከየገጠሩ ገና ሳይነጋ የተነሡ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ጤፉ፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ፍየሉ በየቦታው ይሰየማል። እንግዶቼ «ለማስታወሻ ምን ይዘን እንሂድ?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ባላገሩ ለራሱ የሚገዛውን።

ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ማስጎብኘት ስጀምር እንግዳን ወደ ስጦታ ዕቃ መደብር መውሰድ የተለመደ ነበር፤ ባለሱቁም ለአስጎብኚው ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን ይቆርጥለታል። እኔም ተቀብያለሁ። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር በውድ ዋጋ የገዙትን የእንጨት ጭምብል ይዘው «ይህ የየትኛው ብሔረሰብ ነው? በየትኛው በዓል ነው የሚደረገው?» ብለው ጠየቁኝ። ከጎረቤት አገር በጅምላ የመጣ መሆኑን አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሠራውና ለምን እንደሚያገለግል መናገር የማልችለውን ዕቃ ለእንግዳ አላስገዛም።

አሞሌን እንይ። ከአፋር በረሃ ተፈልጦና ተጠርቦ በግመል የሚወጣ ጨው ነው፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ገበያው ላይ ስባሪውን በጥቂት ብር ታገኙታላችሁ። አያታችን ከብት የገዛበትን «ገንዘብ» እጅ ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ እንግዳ ይህን ሲሰማ ጨዋማ ጣቱን እየላሰ ደጋግሞ ያገላብጠዋል። ታዲያ አሞሌ እርጥበት ይስባል፤ ሻንጣ ውስጥ ውኃ ያወጣና ልብስ ያበላሻል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሁለት ፌስታል እሰሩት። ጀበና የገዛ ደግሞ ሆዱን በካልሲ ሞልቶ በእጁ ይያዘው። መፋቂያ፣ ጧፍ፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቆርቆሮ የሚቀጠቀጥ ኩራዝ፣ ሁሉም የዕለት ዕቃ ነው፤ ሁሉም ከባለእጁ ይገዛል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። አንዳንዴ ጉርምስና ያልጨረሱ ልጆች ጠጋ ብለው ከጋቢ ሥር የጠቆረ ብራና ወይም አሮጌ መስቀል ገለጥ ያደርጋሉ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገሩም ብርቅ ነው። ከዚያው ከላሊበላ አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ፣ ቤልጅየም ድረስ ተሻግሮ፣ የተመለሰው በ2001 ነው። ሕዝቡ እነዚያን ዓመታት በኀዘን ነው ያሳለፈው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ መስቀል የገዛችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ አሮጌውን ግን እጃችሁ አይንካው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ወጣት ይዤ ገበያ ወረድኩ። ተወልዳ ያደገችው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማርኛን የተማረችው ከአያቷ ስለሆነ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ለአያቷ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞራ ባዶ እጇን ነበረች። ገበያው ዳር አንዲት እናት ጥጥ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገዢ እስኪመጣ እጃቸው ሥራ አይፈታም፣ ይፈትላሉ። በግራቸው ባዘቶ ይዘዋል፤ በቀኛቸው እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾራሉ፤ ክሩ በጣቶቻቸው መሀል እየቀጠነ ይወጣል።

«እማማ፣ ይቺን ይሸጡልኛል?» አለች።

«ይቺማ እጄ ናት ልጄ። እጅ ይሸጣል?»

ቀጥለው ከከረጢታቸው ሌላ አወጡ፤ ባለቤታቸው የጠረቧት አዲስ እንዝርት ናት። ዋጋዋ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። «ሳትፈትይባትማ አትሄጂም» ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት። ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት። «ጣትሽን ላላ አድርጊው፤ ጥጡ ራሱ ይመጣልሻል» አሏት። በአራተኛው አንድ ክንድ ያህል ወጣላት። ተጨማሪ ብር ስትዘረጋላቸው እጇን አጠፉት። እሷም ክሯን ሳትፈታ እንዝርቷ ላይ እንደተጠቀለለ ይዛው ሄደች።

ከወር በኋላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አያቷ እንዝርቷን ሲያዩ መጀመሪያ ምንም አልተናገሩም። የተጠቀለለውን ክር በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይሄ የማን እጅ ነው? ይጎረብጣል» አሉ። «የኔ» ስትላቸው ሳቁ። ከዚያ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባዘቶውስ?»

ባዘቶ አልወሰደችም፤ እኔም አላሰብኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኚያኑ እናት ፈልጌ ጥቂት ባዘቶ ገዛሁ። ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው እየጠበቅኩ ነው።