የአልጋ ወራሹ ጋዜጣ

በ1910ዎቹ ዘውዱ በንግሥት ዘውዲቱ ራስ ላይ፣ ጦሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እጅ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ።

ኅትመት ለተፈሪ እንግዳ አልነበረም። በልጅነታቸው በሐረር አባ ሳሙኤልና ሞንሴኞር ዣሮሶ አስተምረዋቸዋል፤ የካፑቺን ሚሲዮንም በዚያው ከተማ የፈረንሳይኛ መጽሔት ያወጣ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በምኒልክ ዘመን ግሪካዊው ነጋዴ እንድርያስ ካቫዲያ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየጻፈ ያሰራጭ ነበር። ራስ ተፈሪም በ1914 ዓ.ም. በራሳቸው ገንዘብ ማተሚያ መኪና አስመጡ። መንፈሳዊ መጻሕፍት ከግእዝ ጋር በአማርኛ ትርጓሜ ታትመው መውጣት ጀመሩ። ይህ ብልህነት ነው፤ ቤተ ክህነትን ሳያስቀይሙ ማተሚያውን ከሕዝቡ ጋር አላመዱት።

በ1916 አውሮፓን ጎብኝተው በተመለሱ በወራት ውስጥ፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም.፣ ሳምንታዊው «ብርሃንና ሰላም» ወጣ። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ።

የዚያን ዘመን ሥራ ቀላል አልነበረም። ፊደል ለቃሚው ቆሞ 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ቅርጻቸው፣ ማለትም 231 የእርሳስ ቁምፊዎችን፣ በዚያም ላይ ዲቃላ ፊደላቱንና ቁጥሮቹን፣ ከየሣጥናቸው አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ያበጃል። ገጹ ከታተመ በኋላ ደግሞ እያንዳንዷን ወደ ቦታዋ ይመልሳል።

በእነዚያ ገጾች ላይ እንደ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ሰዎች ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣኔ ተከራከሩ። አንባቢው ጥቂት ቢሆንም መኳንንቱ፣ ጸሐፊዎቹና የውጭ ሌጋሲዮኖች ከአንባቢዎቹ መካከል ነበሩ፤ ለፖለቲከኛው የሚፈለጉትም እነሱ ነበሩ። ተፈሪ የአደባባይ ቃል ያለውን ኃይል ያውቁ ነበር። በ1918 እንግሊዝና ኢጣሊያ በጣና ግድብና በባቡር መንገድ ላይ በጓዳ ሲስማሙ፣ ተፈሪ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አቤት አሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዐረፉ፤ ተፈሪ በ1921 ንጉሥ ሆኑ፣ በ1923 የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ።

ጋዜጣው ግን ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ለምሳሌ በአርሲዋ ጢቾ ላይ፣ ምን ነበር? አርሲ ከሸዋ ጦር ጋር ለዓመታት ተዋግቶ በ1879 ከተጠቃለለ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ገበሬው ገባር ነበር፤ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ ጋዜጣው አማርኛ። ባቡሩም በስተሰሜን በሩቁ ያልፍ ነበር፤ ወደ ደጋው የሚያደርሰው የበቅሎ መንገድ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ስለ ሥልጣኔ የሚለው ከዚያ ገበሬ ጆሮ አይደርስም ነበር። ይህ የጋዜጣው ትልቁ ጉድለት ነው፤ ታሪካችን የአዘጋጆቹን ስም እያነሳ ይህን መዝለሉ አግባብ አይደለም።

ጋዜጣው በ1928 በኢጣሊያ ወረራ ተቋረጠ፤ ከድሉ በኋላ ቦታውን «አዲስ ዘመን» ያዘ። የኦሮምኛው ጋዜጣ «በሪሳ» በግእዝ ፊደል ታትሞ የወጣው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።