ከእንስራው እስከ ቃለ ጉባኤው

በገጠር ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር ተብሎ ሲመከር ውሃ ቀጂዋ እናት በስብሰባው ላይ አለች ወይ? ብትገኝስ ትናገራለች ወይ?

ለቤተሰብ ኑሮ ከሁሉ የሚቀርበው የቀበሌው ምክር ቤት ነው። የምንጩ፣ የመንገዱና የጤና ኬላው ጉዳይ አስቀድሞ የሚነሳው በዚያ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በልማት ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልሎች ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ መውረድ ጀምሯል።

ይሁን እንጂ ሥልጣን በወረቀት ስለ ወረደ ብቻ ሥራ አይሠራም። የምክር ቤት አባል የሆነች እናት ዕቅድን ከሪፖርት ማመሳከር፣ ሒሳብ መጠየቅና ያለችው ነገር በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ማረጋገጥ መቻል አለባት። ይህ ደግሞ ሥልጠና ይጠይቃል። ሥልጠናው በወረዳ ከተማ ለቀናት የሚሰጥ ከሆነ፣ ጡት የምታጠባዋ እናት ትቀራለች፤ በጽሑፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረችው ትቀራለች። ስለዚህ በቀበሌዋ፣ ከገበያ ቀን ውጪ በሚመቻት ሰዓት፣ በቃልና በሥዕል ሊሰጥ ይገባል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ኋላ ቀር አባባል ስሕተት መሆኑን የሕንድ መንደሮች አሳይተዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በመንደር ምክር ቤቶች ከመቀመጫውም ከሊቀ መንበርነቱም ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን አዘዘ። በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሴቶች በሚመሯቸው መንደሮች ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ሥራ መሠራቱን አረጋግጧል። ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና ችግሩን ያውቁታል።

እንግዲህ እህቶች፣ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ከስብሰባው በፊት ከጎረቤት ሴቶች ጋር በቡና ላይ ተመካክረን አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ሁለተኛ፣ ለቀበሌያችን ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተመደበና ለምን እንደ ዋለ በግልጽ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የተወሰነው ውሳኔ ጮክ ብሎ ይነበብልን እንበል። ባሎችና ወንድሞችም በስብሰባው ቀን ልጅ በመያዝና ከብት በመመለስ ይተባበሩ። ያለዚህ እገዛ የሴቷ ወንበር ባዶውን ይውላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የቀበሌው ኃላፊነትም በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ከተጫነ ይከብዳል፤ እናቶችም ዐውቀው ሲካፈሉት ግን ውሃው ወደ ደጅ ይቀርባል።