ሥራ መግባት ወተት አያደርቅም

የሕፃናት ሐኪም ሆኜም ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩበት ሳምንት ወተቴ ጋወኔን አርሶት ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ስለዚህ «ዶክተር፣ ሥራ ስጀምር ወተቴ ይደርቃል፤ ከአሁኑ የዱቄት ወተት ላስለምደው?» ስትሉኝ ይገባኛል።

አይደርቅም። የሚያደርቀው ሳይታለብ መዋሉ ነው። ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነውና በየ3 ሰዓቱ ገደማ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ እለቡ። ከፍሪጅ ውጭ፣ እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት፣ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን። እሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም (እናቴ «ተበላሽቷል» ብላ ደፍታብኛለች!)።

ሕጋችን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ እኛ ሐኪሞች ደግሞ 6 ወር ጡት ብቻ እንላለን። ክፍተቱን የፈጠራችሁት እናንተ አይደላችሁም።

የቸገራችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ልጄ ሲተኛ እመልሳለሁ።