በአክስት ቤት ወጥ ቤቱን የያዘው ማን ነው? ስለ አጭር ፊልምና ስለ ሴቶች ነፃነት የቀረበ ገለጻ



ከተማሪዎቻችን በሚቀርቡልኝ የአጭር ፊልም ድርሰቶች ውስጥ አክስት አትጠፋም፤ ይህም አያስገርምም። እናት በታሪኩ ስትገባ ፍቅርና ውለታ አብረዋት ይገባሉ። አክስት ግን ከቤተሰቡ ሳትወጣ ጥቂት ራቅ ብላ ስለምትቆም፣ ልጅቷ «እኔስ እንዲህ መኖር እችል ይሆን?» እያለች የምታያት ሴት ናት።

ለውጡ በሕግም ተጽፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ፣ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የሴቷንም የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ወጥ ቤቱን ማን እንደሚይዝ ግን አልወሰነም።

«ከአክስቷ ዘንድ ሆና ትማር» ተብላ ከገጠር ወደ ከተማ የምትላከውን ልጅ ሁላችንም እናውቃታለን። አክስቲቱ ማለዳ ወደ ቢሮ ትሄዳለች። እንጀራውን የምትጋግረው፣ ሕፃኑን የምታዝለው፣ ቡናውን የምታፈላው ማን ናት? ልጅቷ የምትማረው የማታ ነው፤ እርሱም ሥራው ካለቀ። የአክስቲቱን ነፃነት ሐሰት ነው አልልም። የቆመው ግን በእኅቷ ልጅ ጉልበት ነው። ልጅቷ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ ቢሆን ቢያንስ ደመወዝ ይታሰብላት ነበር፤ ዝምድናው ይህንንም ያስቀርባታል። ድርሰቶቻችሁ ደግሞ ወይ ለማስለቀሻ ያውሏታል፣ ወይ ትሪ አስይዘው ያሳልፏታል።

እዚህ ላይ የሙያ ችግር አለ። በ15 ደቂቃ ፊልም የሰዓታት ድካም እንዴት ይታያል? የተለመደው መቁረጥ ነው፤ ሊጡ ይታያል፣ ወዲያው እንጀራው ይከተላል። በመካከሉ የነበረው የልጅቷ ቀን ተቆርጦ ወጣ።

ቤልጅየማዊቷን ሻንታል አከርማንን የመረጥሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» 201 ደቂቃ ይፈጃል፤ የአንዲትን እናት የቤት ሥራ ሳይቸኩል ያሳየናል። (በነገራችን ላይ በዚያም አክስት አለች፤ ካናዳ ስለምትኖር የምትመጣው በደብዳቤ ብቻ ነው።) ዛሬ የምናየው ግን እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ18 ዓመቷ የሠራችውን «ሶት ማ ቪል» ነው፤ በግርድፉ «ከተማዬ ትፈንዳ» ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ራሷ አበባ ይዛ ደረጃ ትወጣለች፤ በጠባብ ወጥ ቤት ምግብ ትሠራለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ጫማ ትቀባለች። ቀስ በቀስ ሥርዓቱ ይዛባል፤ የጫማው ቀለም እግሯ ላይ ይወጣል። 13 ደቂቃ በቂ ሆኖ ያገኘችው ሥራውን በማሳጠር ሳይሆን በማበላሸት ነው።

ፍጻሜው ከባድ ነው፤ ማየት የማይፈልግ አስቀድሞ ሊወጣ ይችላል። የቀራችሁ የትኛው ሥራ በስንተኛው ደቂቃ መልኩን እንደሚለውጥ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ በየድርሰቶቻችሁ ትሪ ይዘው ስለሚያልፉት ልጆች እንነጋገራለን። መብራቱን አጥፉልን።